ለነርስ አባሎቻችን፦ ታዳጊዎችን ስንንከባከብ

ውድ ባልደረቦች፣

የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉትን ታዳጊ ይላቸዋል። ብዙ ጊዜ ግን የምናወራው ከወላጅ ጋር ነው። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ታካሚውን ራሱን ጠይቁት።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የምስጢር ጉዳይ ነው። ታዳጊው ከእኛ ጋር ብቻውን የሚያወራበት ጥቂት ደቂቃ ያስፈልገዋል። እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ ስለ ሲጋራ፣ ስለ ወሲብ ወይም ስለ ጭንቀቱ እውነቱን ማውጣት ይከብደዋል። ሆኖም «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ራሱን ሊጎዳ ካሰበ ወይም ሰው እየጎዳው ከሆነ ዝም ማለት አንችልም። ይህን ገደብ ንግግሩ ሳይጀመር ንገሩት። ሁሉን ከዘረገፈ በኋላ ቢሰማው እንደ ክህደት ይቆጥረዋል፤ ዳግም ጤና ባለሙያ ላያምን ይችላል።

በራሱ ፈቃድ መታከም የሚችልበት ዕድሜ ከአገር አገር ይለያያል፤ የምትሠሩበትን ሕግ እወቁ። የሚፈርመው ወላጅ ቢሆንም የታዳጊውን እሺታ ጠይቁ። መርፌ እምቢ ካለ ምን እንዳስፈራው ስሙት እንጂ አትቆጡት። ልብሱን ሲያወልቅ መጋረጃውን ዝጉ። በዚህ ዕድሜ እፍረት ከሕመም ሊብስ ይችላል።

የከበዳችሁ ጉዳይ ካለ፣ የታካሚውን ማንነት ሳትገልጹ እዚሁ አንሱትና እንምከርበት።