ግልጽ ደብዳቤ ስለ መተማ–ገላባት መተላለፊያ

ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በመተማ በኩል ለሚሠሩ አነስተኛ ነጋዴዎች ቀለል ያለ የንግድ ሥርዓት እንዲጀመር ስለመጠየቅ

ከጎንደር በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርጎ መተማ ዮሐንስ የሚደርሰው መንገድ የሱዳንን የጠረፍ ከተማ ገላባትን ተሻግሮ ገዳሪፍ ይገባል፤ ከዚያም እስከ ፖርት ሱዳን ይዘልቃል። ሱዳን የባቄላችን ዋና ገበያ ናት። መተላለፊያው ግን በጦርነትና በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋና ሲከፈት ኖሯል። ሥርዓቱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ካልጠበቀ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀድሞ የሚያልፈው ኮንትሮባንዲስቱ ነው።

የድንበሩ ክርክር ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1902 በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው የወሰን ውልና በዓመቱ የእንግሊዙ መኮንን ጉዊን ያሰመረው መስመር ዛሬም ያጣላሉ፤ ሁለቱ አገሮች በሚወዛገቡበት የእርሻ መሬት በአልፋሽጋ ላይ ደም ፈስሷል። ሆኖም በዚሁ አቅጣጫ ወደ ገዳሪፍ የተዘረጋ ባለ 230 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር አለ። ሁለቱ መንግሥታት የወሰኑን ነገር ሳይጨርሱ በኃይል ሽያጭ ተስማምተዋል። በባቄላና በሽምብራ የማይስማሙበት ምክንያት አይታየንም።

አሁን ያለው የድንበር ንግድ ፈቃድ ለጠረፍ ነዋሪ የታሰበ፣ በዕቃ ዓይነትና በዋጋ ጣሪያ የታጠረ ነው። አሥር ኩንታል ባቄላ ይዞ ከጎንደር የሚነሣው ነጋዴ እንደ ትልቅ ላኪ ይቆጠራል፦ የላኪነት ፈቃድ፣ የባንክ ፈቃድ፣ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርብ የዕቃ መግለጫ)፣ የዕቃው የትውልድ አገር ማረጋገጫ፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት። ወጪው ትርፉን ይበላዋል።

መፍትሔው በኮሜሳ (በምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ውስጥ አለ፤ ኢትዮጵያም ሱዳንም አባል ናቸው። ዛምቢያ ከማላዊና ከዚምባብዌ ጋር የምትሠራበት ቀለል ያለ የንግድ ሥርዓት ዋጋው ከተወሰነ ጣሪያ የማይበልጥን ጭነት በአጭር ቅጽ ያሳልፋል፤ የትውልድ አገር ማረጋገጫው እዚያው ጠረፍ ላይ ማኅተም ይመታበታል። ኢትዮጵያ በኮሜሳ ነፃ የንግድ ቀጣና ስላልገባች ቀረጹ ወዲያው ዜሮ አይሆንም። ቢሆንም ቀረጹ ባለበት ሆኖ ወረቀቱን ማሳጠር ይቻላል።

ይህ ሥርዓት የሚሰናከልባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ሁለቱ አገሮች የዕቃውን ዝርዝር በጋራ ካልፈረሙበት፣ እዚህ በአጭር ቅጽ የወጣ ጭነት ገላባት ላይ እንደገና ሙሉ ወረቀት ይጠየቃል። ማኅተሙ ጎንደር ከተቀመጠ ቅጹ ማጠሩ ዋጋ የለውም። ቅጹ ቢቀልም የጤና ምርመራ ስለማይቀር፣ የዕፅዋት ኳራንታይን ባለሙያና የእንስሳት ሐኪም መተማ ላይ በቋሚነት ሊመደቡ ይገባል።

ለትልልቅ ጭነቶች ችግሩ ሌላ ነው። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የተባለው የተሽከርካሪ መድን የሚሸፍነው ተሽከርካሪው በሦስተኛ ወገን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንጂ የጭነቱን ቀረጥ አይደለም። ሁለቱም ጉምሩኮች የሚቀበሉት የትራንዚት ዋስትና (በጉዞ ላይ ላለ ጭነት ቀረጥ መያዣ የሚሆን) ከሌለ ጭነቱ ጠረፍ ላይ ወርዶ በሌላ መኪና ይጫናል። በዚህ መካከል ጆንያ ይቀደዳል፣ ሰሊጥ ይፈስሳል፣ ከመሬት ሲታፈስ አፈር ይቀላቀልበታል። ሰሊጥ በንጽሕናው ስለሚሸጥ ዋጋው እዚያው ይወርዳል።

የሁለቱ አገሮች ሹሞች በአንድ ቦታ አብረው የሚሠሩበት፣ እንደ ሞያሌ ያለ የአንድ ማቆሚያ ጣቢያ ይሠራ ብለን አሁን አንጠይቅም። የአንዱ አገር ሹም በሌላው መሬት ላይ ሥልጣን እንዲኖረው ስለሚጠይቅ፣ ወሰኑ ባልተቋጨበት ጠረፍ ድርድሩ ዓመታት ይፈጃል። የዕቃ ዝርዝርና አጭር ቅጽ ግን የማንንም ወሰን አይነካም።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ ከጉምሩክ ኮሚሽን ጋር ረቂቅ የዕቃ ዝርዝር አዘጋጅቶ፣ ባቄላ ከሚሰበሰብበት ከኅዳር በፊት ለሱዳን ወገን እንዲያቀርብ እንጠይቃለን። ባቄላ፣ ሽምብራና የቁም ከብት ለመጀመሪያው ዝርዝር ይበቃሉ።

ከሰላምታ ጋር
በጎንደር በወጪ ንግድና በትራንዚት ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለጉምሩክ ኮሚሽን
ለግብርና ሚኒስቴር