ግብር ያልተከፈለበት ልምድ

ክቡር አዘጋጅ፦

በጋዜጣችሁ ላይ የሚወጡትን የነርስ ቅጥር ማስታወቂያዎች በየሳምንቱ እየቆረጡ ከሚያስቀምጡ አንባቢዎች አንዷ ነኝ። ለራሴ ሥራ ፈልጌ አይደለም፤ በሙያው 22 ዓመት ቆይቻለሁ፣ ከዚህም ውስጥ 9ኙን ዓመት በተኝቶ ታካሚዎች ክፍል በኃላፊነት ሠርቻለሁ። የምቆርጠው ለእህቴ ልጅ ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝም እስካሁን ያከማቸኋቸው ቁራጮች፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ያው አንዱን ነገር የሚጠይቁ መሆናቸው ነው።

ልጅቱ ለ4 ዓመት ተምራ በነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛለች። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረውን የመውጫ ፈተና አልፋለች፤ በጤና ሚኒስቴር የሚሰጠውንም የብቃት ምዘና ተፈትና የሙያ ፈቃዷን አውጥታለች። በመንግሥት ዐይን ሲታይ እንግዲህ ነርስ ናት። ማስታወቂያው ግን «በሙያው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ የሠራች» ይላል፤ ቀጥሎም ልምዱ ከግል ድርጅት የተገኘ ከሆነ የሥራ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ማስረጃ እንዲቀርብ ያዛል። የሚፈለገው ነርስ ደግሞ ለጽኑ ሕሙማን ክፍል ወይም ለቀዶ ሕክምና ክፍል አይደለም፤ መድኃኒት በሰዓቱ የሚሰጥ፣ ቁስል የሚያጥብ፣ ቻርት የሚጽፍ ተራ የዎርድ፣ ማለትም የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል፣ ነርስ ነው።

ሌላ መንገድ ስታጣ፣ ጓደኞቿ እንዳደረጉት ሁሉ፣ በአንድ ሆስፒታል በነፃ ለማገልገል አመለከተችና ተፈቀደላት። 8 ወር ሙሉ ጋውኗን ለብሳ፣ ስሟ በተረኛ ሰሌዳ ላይ እየወጣ፣ እንደ ማንኛውም ተቀጣሪ ሠራች። ጠዋት ርክክብ ላይ ትገኛለች፤ የደም ግፊትና ሙቀት ትለካለች፤ ሰው ሲጎድል ሌሊትም ትገባለች። የታክሲዋን የምትከፍለው እናቷ ነበረች። ሲበቃት ማስረጃ ጠየቀች፤ የተሰጣት ደብዳቤ «በበጎ ፈቃደኝነት አገልግላለች» የሚል ነው። ይህንኑ ይዛ ለምዝገባ በሄደችበት ሌላ መሥሪያ ቤት መዝጋቢው «በበጎ ፈቃደኝነት» የሚለውን ቃል በእስክሪብቶ አሰመረበትና፣ «ይሄ ልምድ አይባልም እህቴ፤ ግብር ተከፍሎበታል?» አላት። ካልተከፈለ ደመወዝ ላይ ግብር የሚቆረጥበትን ዘዴ እኔ አላውቅም። መዝጋቢውን ግን አልወቅሰውም፤ የተሰጠውን መመሪያ ነው ያነበበላት።

በዚያ ዕለት ሎግ ቡኳን ከቦርሳዋ እንኳ አላወጣችውም። ለሙያው እንግዳ ለሆኑ አንባቢዎች ልግለጽ፤ ሎግ ቡክ ማለት ተማሪ በልምምድ ላይ ሳለ በእጁ የሠራው ሥራ በዓይነትና በቁጥር እየተመዘገበ መምህሩ ወይም የክፍሉ ነርስ የሚፈርምበት ደብተር ነው። ስንት ካኑላ (በደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ) እንዳስገባች፣ ለስንት ሕመምተኛ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) እንዳደረገች፣ በማዋለጃ ክፍል ስንት ወሊድ እንደተከታተለች ሁሉ እዚያ አለ። የእሷ ደብተር ሁለት ገጽ ላይ ቡናማ የአዮዲን ጠብታ ደርቆበታል። ከእኔ በቀር ገልጦ ያየላት ሰው የለም።

ቀጣሪዎች ልምድ የሚጠይቁት በክፋት ነው አልልም፤ ስጋታቸውን በራሴ አውቀዋለሁና። በዜሮ ዓመት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ሳምንት ለአንዲት እናት ፖታሲየም ክሎራይድ ታዘዘ። አምፑሉን ሰብሬ፣ በሲሪንጅ ስቤ፣ በቀጥታ ወደ አልጋዋ ሄድኩ። ይህ መድኃኒት በፈሳሽ ተበርዞ በዝግታ ካልተሰጠ ልብን ያቆማል፤ ይህንንም በክፍል ተምሬዋለሁ፣ በፈተናም በትክክል መልሼዋለሁ። የዚያን ዕለት ግን አእምሮዬ የሚያውቀውን እጄ አላወቀውም። አብራኝ ተረኛ የነበረችው አንጋፋ ሲስተር አንዲት ቃል ሳትናገር የእጄን አንጓ ያዘችኝና በዐይኗ ወደተንጠለጠለው ፈሳሽ አመለከተችኝ። ሕመምተኛዋ ምንም አላወቀችም። ልምድ የሚባለው ነገር ወደ እኔ መተላለፍ የጀመረው በዚያች እጅ በኩል ነው፤ ያን ጊዜም እኔ ደመወዝተኛ ነበርኩ፣ እሷም አዲስ ገቢ መጠበቅ ሥራዋ እንደሆነ ታውቅ ነበር።

ዛሬ የማየው ግን እያንዳንዱ ተቋም ሌላው ያሠለጠናትን ነርስ ሲጠብቅ ነው። ሁሉም ከጎረቤት እሳት ሊጭር ገል ይዞ ይወጣል፤ ቤቱ እሳት የሚያነድ ግን ጠፋ።

ሕጉ ለቀጣሪዎች ስጋት መላ ያላበጀለት ይመስል ነፃ አገልግሎት መለመዱም ይገርመኛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ አዲስ የቀጠረውን ሠራተኛ እስከ 60 የሥራ ቀናት በሙከራ እንዲያየው ይፈቅዳል፤ ለሥራው ብቁ ሆኖ ካላገኘውም ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። ሠራተኛው ግን በሙከራ ላይ ሳለም ደመወዙን ያገኛል። ይኸው አዋጅ ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያስገድዳል። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም የሙከራ ቅጥር የሚባል አሠራር አለ። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው 60 የሥራ ቀን 10 ሳምንት ማለት ነው። አንዲት ነርስ ለሙያው የምትሆን መሆን አለመሆኗ፣ እኔን ብትጠይቁኝ፣ በሦስተኛው ሳምንት ይታወቃል።

የትምህርቱም ጉዳይ አለ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው በ1931 ዓ.ም. ማዕረጉን ሲቀበሉ፣ በዚያ ዘመን ነርስ የምትማረው እዚያው ዎርድ ውስጥ ተረኛ ሆና እየሠራች ስለነበር፣ ተመራቂዋን «ልምድ አለሽ ወይ» ብሎ መጠየቅ ትርጉም አልነበረውም። ዛሬ በአንድ አልጋ ዙሪያ 15 ተማሪ ይቆምና አንዱ ሲሠራ የቀሩት በትከሻው ላይ አሻግረው ያያሉ። አዲስ ምሩቅ እጁ የሚንቀጠቀጠው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ይህንን ደግሞ ልምምድ የምንቀበል ሆስፒታሎች፣ እኔ የምሠራበትን ጨምሮ፣ ከማንም በላይ እናውቀዋለን።

ስለዚህ ማስታወቂያ የሚያወጡ ተቋማት ለተራ የዎርድ ነርስ መደብ 0 ዓመት ብለው እንዲጽፉና የልምድ ዓመቱን ልምድ በእርግጥ ለሚጠይቁ ክፍሎች እንዲያቆዩት እጠይቃለሁ። አዲስ ገቢዋ በሙከራ ጊዜዋ ብቻዋን ሌሊት እንዳትመደብ፣ አብራት የምትሠራ አንድ አንጋፋ ነርስ በስም እንድትታወቅላት ማድረግ በጀት አያስወጣም፤ የተረኛ ሰሌዳ ማስተካከል ብቻ ነው። በነፃ ያሠራ ተቋም ደግሞ የሠራችበትን ክፍል፣ ቀንና ሰዓት ዘርዝሮ ይጻፍላት፤ ቀጣሪውም ደመወዝ ሳይሆን ሥራ መሠራቱን አይቶ ይቁጠርላት። ይህን ልምድ አይደለም የሚል ካለ፣ ልምድ በማይባል ሥራ ላይ ሕመምተኛ ስለምን በአደራ እንደተሰጣት ሊያስረዳን ይገባል። ዝግጅት ክፍላችሁም በማስታወቂያ ገጹ ላይ የሚያገኛቸውን ቀጣሪዎች ስለ 2 ዓመቱ አነጋግሮ መልሳቸውን ቢያትምልን ደስ ይለኛል።

ባለፈው እትማችሁ የወጣው ማስታወቂያ ምዝገባው ሊዘጋ 3 የሥራ ቀን ቀርቶታል። ያው 2 ዓመት ይጠይቃል፤ ልጅቱ ግን ትመዘገባለች። እንደተለመደው «ዋናውንና የማይመለስ ኮፒ» ይዘው ይቅረቡ ስለሚል፣ ሎግ ቡኳንም ከአዮዲኑ ጠብታ ጋር ኮፒ አድርጋ እንድታያይዘው ነግሬያታለሁ። ባያነቡትም አይመልሱትምና ከፋይላቸው ውስጥ ይቀመጣል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት ነርስ፣ ከአዲስ አበባ