ቁጥሩን አይተሽ ብቻ አትልቀሚ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። ወንድምሽ ትናንት ደውሎ የነገረኝ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ዝናብ ይመጣል ስለተባለ ካቤርኔ የሚባለውንም ወይን ከመርሎው ወይን ጋር በዚህ ሳምንት አስለቅማለሁ ብለሻል አሉ፤ የስኳር መለኪያው ቁጥር ፍሬው ደርሷል ስላለሽ። እናቴ፣ ቁጥሩን አይተሽ ብቻ አትልቀሚ።

መርሎ ቀድሞ የሚደርስ ነው፤ እሱን ልቀሚው፣ ምንም አልልሽም። ካቤርኔ ሶቪኞ ግን ይዘገያል። እንደ ዘንድሮው ያለ ሐሩር ስኳሩን ቶሎ ከፍ ያደርገዋል እንጂ በልጣጩና በዘሩ ያለው፣ አፍ የሚያደርቀው ታኒን የሚለዝበው በራሱ ጊዜ ነው። ሳይበስል ከለቀምሽው ወይኑ ቃሪያ ቃሪያ ይሸታል፤ ያንን ደግሞ በርሜል አይሸፍነውም።

አያትሽ መለኪያ አልነበራቸውም። ዝናቡ አልቆም ባለበት በዚያ ዓመት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲለቅም እሳቸው ጠዋት ጠዋት ከየረድፉ ፍሬ ቆርጠው ያኝኩና ዘሩን መዳፋቸው ላይ ይተፉታል። አረንጓዴ ከሆነ «ገና ነው» ብለው ይመለሳሉ። እጃቸውን አጣጥፈው ግን አልጠበቁም። ንፋስ እንዲገባ በዘለላው ዙሪያ ያለውን ቅጠል አስረገፉን፤ የሻገተውን እየለየን እንድንቆርጥ አደረጉን። ሰማዩ ሲገለጥ ዘሩ ቡናማ ሆኖ ጥርስ ስር ቀጭ ይል ጀመር። ከምርቱ ብዙው ጠፍቷል፤ እናትሽን ያገባሁ ዕለት የተጠጣው ግን ከዚያ የተረፈው ነው። የፈረንሳዩን የወይን አገር ቦርዶን ሳያዩ መሞታቸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1956 የፌብሩዋሪ ብርድ የወይኑን ግንድ ሳይቀር እንደገደለ፣ በ1961 ምርቱ እጅግ አንሶ ወይኑ ግን ከክፍለ ዘመኑ ምርጦች እንደተቆጠረ፣ በ2017 ኤፕሪል መጨረሻ የወረደው ውርጭ ለጋውን ቡቃያ እንዴት እንዳቃጠለ ባጫውታቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲጠይቁኝ ባደሩ ነበር።

ዝናቡ አያስፈራም አልልሽም። ሥሩ ውኃ ሲስብ ፍሬው ያብጣል፣ ልጣጩ ይሰነጠቃል፣ ሻጋታ ይገባዋል፣ ጣዕሙም ይቀጥናል። ጠጠራማው መሬት ውኃውን ቶሎ ያሳልፋል፤ ሸክላው ላይ ያለውን ግን በየቀኑ እየሄድሽ እዪው። ሻጋታው መስፋት ከጀመረ ያኔ ለቅመሽ አድኚ። እስከዚያ ግን ቁጥሩን አይተሽ ብቻ አትልቀሚ።

ሌላ፦ መርሎው መፍላት ሲጀምር ብቻሽን ጋን ውስጥ እንዳትገቢ፣ አንገትሽንም እንዳታስገቢ። ከፍላቱ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይታይም፣ ከአየር ይከብዳል፣ ሰው ይገድላል። አደራ! በሩን ከፍታችሁ ሥሩ። ምግብሽንም በሰዓቱ ብዪ፤ በለቀማ ሰሞን እንደምትረሺ አውቃለሁ።

ነገ ጠዋት ከረድፉ ዳርም ከመሃልም፣ ፀሐይ ከሚያገኘው ወገንም ከጥላውም ቅመሺ። ዘሩን መዳፍሽ ላይ አድርገሽ ፎቶውን ላኪልኝ። አረንጓዴ ካለበት ለሠራተኞቹ ደውለሽ ቀኑን አራዝሚ።

የሚወድሽ አባትሽ