ስልኩን መልስለት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፤ እናትህም ሰላም ትልሃለች።

ትናንት ስትደውልልኝ፣ ከሱቅህ በዱቤ ወስዶ መክፈል ያቃተውን የቀን ሠራተኛ ሞባይሉን በመያዣ እንደያዝክበት ነገርከኝ። ያኔ ዝም አልኩ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24ን አውጥተህ አንብብ። ወፍጮም ሆነ መጁ በመያዣ እንዳይወሰድ ይከለክላል፤ የሰውን ነፍስ እንደ መያዝ ነውና። ወፍጮ የተወሰደበት ቤት ዱቄት የለውም፣ ዱቄት ከሌለ እንጀራ የለም። እስቲ አስበው፤ ያ ሰውዬ ለሥራ የሚጠራው በምንድን ነው? በዚያ ስልክ አይደል? ወፍጮው እሱ ነው።

እዚያው ምዕራፍ ላይ ሌላም አለ። አበዳሪ መያዣ ለመቀበል ተበዳሪው ቤት አይገባም። ውጭ ይቆማል፤ ባለዕዳው ራሱ ያወጣለታል። ድሀ ከሆነና ያስያዘው ልብሱን ከሆነ፣ ለብሶት እንዲተኛ ፀሐይ ስትገባ ይመለስለታል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እናቴ ትመጣብኛለች። ልጅ ሳለሁ አንድ አበዳሪ ቤታችን ዘው ብሎ ገብቶ ጋቢዋን ከአልጋ ላይ ገፎ ሄደ። የዚያን ሌሊት ብርድ ረስቼዋለሁ። ጎረቤት እያየ አንገቷን የደፋችው ግን ዛሬም ያመኛል።

የጥንት አይሁድ ሕግ ለድሀ ክብር እንዲህ ይጨነቅ ነበር። ገበሬው የእርሻውን ጥግ ሳያጭድ ይተዋል። ቃርሚያውም፣ ረስቶት የሄደው ነዶም የድሀ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ200 ገደማ የተጠናቀረው ሚሽና የተባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ፣ የጥጉ መጠን ከ60 አንድ እጅ እንዳያንስ ይላል። በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ደግሞ «የምስጢር ክፍል» ነበር፤ ሰጪው በስውር ያስቀምጣል፣ ከደህና ቤት ተወልዶ የደኸየ ሰው በስውር ይረዳበታል። ምጽዋትን «ጸዳቃ» ይሉታል። ከእኛ «ጽድቅ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ድሀው የሚቀበለው የሚገባውን ነው ማለት ነው፤ እኔ ይህን ቃል አጥብቄ እወደዋለሁ።

ዕዳውን ሰርዝለት አላልኩህም። ሱቁን በስንት ልፋት እንዳቆምከው አውቃለሁ፤ ሕጉም መያዣን ጨርሶ አልከለከለም። ስልኩን ግን ዛሬ ሳይመሽ መልስለት። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ፊት አትስጠው። ቤቱ ድረስ ሂድና ደጅ ቆመህ ጥራው።

አባትህ