«ቴምፕሌት» እያላችሁ የምታድሉን ፋይል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

መገናኛ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን። ሰኔ በገባ ቁጥር የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ልጆች በሬ ላይ ይሰለፋሉ። የምጽፍላችሁ ስለ ወረቀት ዋጋ አይደለም፣ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች «በዚህ ቴምፕሌት ካልሆነ አንቀበልም» እያሉ ስለሚያድሉት የአጻጻፍ ናሙና ፋይል ነው።

ባለፈው አንዲት ተማሪ ላብ በላብ ሆና ገባች። የምታስረክበው በማግስቱ ጠዋት ነው። «ጋሼ፣ እቤት 84 ገጽ ነበር፣ ሌላ ቦታ ስከፍተው 91 ሆነብኝ፣ ማውጫው ሁሉ ተዘበራርቋል» አለችኝ። ፍላሹን ሰክቼ ከፈትኩት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና 8ን አንድ ላይ ስጫን የተደበቁት ምልክቶች ብቅ አሉ፤ ገጹ ጤፍ የተደፋበት መሰለ። እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ስፔስ ናት። ርዕስ መሃል ለማምጣት ስፔስ፣ ምዕራፍ በአዲስ ገጽ ለመጀመር ኢንተር፣ አሁንም ኢንተር። ሽፋኑ ላይ ብቻ 17 ኢንተር ቆጠርኩ። እሷ ያደረገችው እንዳይመስላችሁ፤ ከትምህርት ክፍሏ ስትቀበለውም እንዲሁ ነበር። ጭራሽ ራስጌው ላይ ከእሷ በፊት የተመረቀ ልጅ ስም ሳይጠፋ ቀርቷል። የሰው አሮጌ ልብስ አልብሰው ነው የላኳት።

ገጹ ለምን በዛ? ጽሑፏ በአማርኛ ነው፣ ፋይሉ የሚጠራው ፎንት ደግሞ ኒያላ። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከነሶፍትዌሩ ይመጣ ነበር፣ የእሷ ላፕቶፕ ላይም አለ፣ አሮጌ ዊንዶውስ 7 ስለሆነ። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ፈልጎ ካልጫኑት ላይኖር ይችላል። ሲያጣው ወርድ ዝም ብሎ በሌላ ይተካዋል፣ ብዙ ጊዜ በኤብሪማ። የሁለቱ ፊደላት ስፋት አንድ አይደለም። መስመሩ ይሰበራል፣ አንቀጹ ይወርዳል፣ 17ቱ ኢንተሮች ተገፍተው ሌላ ባዶ ገጽ ይወልዳሉ። አንዳንዱ መሥሪያ ቤትማ እስካሁን ድረስ ቪዥዋል ግዕዝ ከሚባለው አሮጌ የአማርኛ መጻፊያ ዘመን የቀረ ፋይል ይልካል፤ እሱን ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት አማርኛው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ይሆናል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ደመወዝተኛ ሆኗል እኮ!

የወረቀቱ ነገርም አለ። ብዙው ቴምፕሌት ከአሜሪካ እንደመጣ ሌተር በሚባለው መጠን ተቀምጧል፣ ቁመቱ 27.94 ሴንቲ ሜትር። እኛ የምናትመው ኤፎር ላይ ነው፣ 29.7። ስታስተካክሉት ማውጫ ላይ በእጅ የተጻፈው የገጽ ቁጥር በሙሉ ውሸት ይሆናል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን አንዲት ትንሽ ሳጥን ናት። ወርድ ላይ የርዕስን ወይም የአንቀጽን መልክ ባንድ ጊዜ የሚወስን «ስታይል» የሚባል ነገር አለ፤ የአንዱን ስታይል ማስተካከያ ስትከፍቱ ከታች «አውቶማቲካሊ አፕዴት» የምትል አለች። ቴምፕሌቱን የሠራው ሰው እሷ ላይ ምልክት አድርጎ ከሄደ፣ ልጅቷ አንድ ርዕስ ብቻ ላስምርበት ስትል በጽሑፉ ውስጥ ያለው በዚያ ስታይል የተሠራ ርዕስ ሁሉ ይሰመርበታል። ኮምፒውተሩ ቫይረስ ያዘው ብለው የሚያለቅሱ አይቻለሁ። ሳጥኗን ማንሳት ነው፣ በቃ። አንድ አንቀጽ ብቻ አልታዘዝ ካለ ደግሞ ምረጡትና ኮንትሮል ኪው ተጫኑ፣ ወደ ስታይሉ ይመለሳል፤ ፊደሉ ከሆነ ያስቸገረው ኮንትሮልና ስፔስ። ከአራት ነጥብ በፊት ስፔስ አትምቱ፣ ነጥቡ ብቻውን ቀጣዩ መስመር ላይ ወርዶ ይቀመጣል።

እውነቱን ለመናገር እኛ ጽሕፈት ቤቶችም ንጹሕ አይደለንም። የምናስከፍለው በገጽ ነው፣ ኢንተር ሲበዛ ማን ይጠላል? ቶሎ ለመጨረስ ስንል እኛው ራሳችን ስፔስ እየደረደርን ስንቱን ፋይል አበላሽተናል። ግን መነሻው የሚታደለው ፋይል ነው፣ እሱ ከተጣመመ የእኛ ጥገና ለዚያች ሌሊት ብቻ ነው፤ በቀጣዩ ሰኔ ያው ፋይል ተመልሶ ይመጣል።

ለአዳዮቹ የምለው ይሄ ነው። አምና የተጻፈን ደብዳቤ ስም አጥፍታችሁ «ቴምፕሌት» አትበሉት። የምዕራፉን ርዕስ ሄዲንግ 1 በሚባለው ስታይል አድርጉት፣ ስታይሉ ራሱ አዲስ ገጽ እንዲጀምር ማዘዝ ይቻላል፤ ያኔ ማውጫውም በራሱ ይወጣል፣ ገጽ ሲቀያየር አንድ ጊዜ ማደስ ብቻ ነው። ስትጨርሱ ዶትኤክስ (.dotx) በሚባለው የቴምፕሌት ዓይነት አስቀምጡት፤ ሰው ሁለቴ ሲጫነው ስም የሌለው አዲስ ፋይል ይከፈትለታል፣ ዋናው አይነካም። ሴቭ የሚለው ምርጫ ውስጥ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አብሮ የሚያስቀምጥ አለ፣ እሱንም አብሩት። ከዚያ ከማደላችሁ በፊት ሌላ ቢሮ ሂዱና የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ልጅቷን ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ሸኘኋት። ኢንተሩን ጠራርጌ፣ ስታይሉን አስተካክዬ፣ ማውጫውን አውጥቼ 79 ገጽ ሆነ። በማግስቱ ደወለች። «ጋሼ፣ ሳይቀበሉኝ መለሱኝ» አለች። ለምን ስላት፣ «ቴምፕሌቱን ቀይረሻል ተባልኩ።»

የጽሕፈት ቤት ባለቤት
ከመገናኛ፣ አዲስ አበባ