መስኮቱን ክፈት

ልጄ፣

እንኳን ለ20ኛ ዓመት ልደትህ አደረሰህ። ስልክ ላይ ልነግርህ ያሰብኩትን ሳልነግርህ ዘጋሁት። እናትህ ከጎኔ ሆና «ወፍራም ብርድ ልብስ አለው ወይ በለው» እያለች ታዲያ ምን ይወራል? አማርኛው ከከበደህ እህትህን ጠይቃት።

እሷን ደግሞ እንዳትቆጣት። ሁሉንም ነግራኛለች። ሚኒሶታ አንተ ጋ ያደረች ቀን በሩን ስትከፍት ቀለሙ ዓይኗን አቃጠላት። አልጋህ አጠገብ ካርቶን ዘርግተህ ሮቦቶችህን በስፕሬይ ትቀባለህ አሉ። መስኮቱ ተዘግቶ፣ ማሞቂያው በርቶ። ምነው ስትልህ «ብርድ ነው» አልካት። የሚኒሶታን ጥር ማን ያጣዋል? ቢሆንም መስኮቱን ክፈት።

ስለ ሮቦቱ አይደለም የምቆጣው። ድሮ «ይሄን የሚያህል ጎረምሳ ከአሻንጉሊት ጋር» ብያለሁ፣ አልክድም። አሁን ግን ዩቲዩብ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁ። ጉንዳም የምትሉት ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሮቦት ለካ እኔ ተማሪ ቤት እያለሁ ነው የተጀመረው። ጃፓን ውስጥ በፈረንጆቹ 1980 የመጀመሪያው በ300 የን ወጣ። ያኔ ሙጫም ቀለምም ይፈልግ ነበር። ያሁኑ ያለ ሙጫ ጠቅ እያለ ይገጥማል፣ ፕላስቲኩም ከነቀለሙ ነው የሚመጣው። ታዲያ ይሄን ልጅ ምን አስቀባው? ብዬ ነበር።

ከዚያ እህትህ ፎቶውን ላከችልኝ። ያ 1/144 የምትለው፣ በታሪኩ ካለው ሮቦት 144 ጊዜ ያነሰው፣ ከመዳፌ ብዙም የማይበልጠው። ስልኩን አስፍቼ አየሁት። ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚለው ብልጭታ ጠፍቷል። የደረቱ ስንጥቆች ውስጥ ቀጭን ጥቁር መስመር ገብቷል፣ ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት ፍሬም የተቆረጠበት ጠባሳ የለም። ጠርዙ ላይ ቀለም አልተከመረም። ግራ ትከሻው ላይ ብቻ ሻከር ብሏል፤ እዚያ ጋ ከሩቅ ነው የነፋኸው፣ ቀለሙ ሳያርፍ አየር ላይ ደርቆብሃል። በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አሽተህ ድገመው።

ይሄን ከየት አወቀ ትላለህ።

ሌሊት የምስለውን ሳል ታውቀዋለህ፣ እናትህ «ሞተሩ ተነሳ» የምትለውን። ከብርድ አይደለም የመጣው። አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ስድስት ዓመት ሶማሌ ተራ አካባቢ ባትላሜራ ቤት ቀለም ቀቢ ነበርኩ። ስንቱን ላዳ ታክሲ ሰማያዊና ነጭ አድርጌአለሁ። ስቱኮ ትሞላለህ፣ ትፈገፍጋለህ፣ ነጩን ትነፋለህ፣ ሲደርቅ በጋዜጣ ሸፍነህ ሰማያዊውን። ያንተም ሮቦት ሰማያዊና ነጭ ነው፣ ሳየው ሳቄ መጣ።

ያስተማረኝ ሰው፣ ጋሼ ነበር የምንለው፣ እጁ ወርቅ ነው። እሱ ሲነፋ በሩ ይዘጋል። ለምን ብትል አቧራ እንዳያርፍበት። አፋችን ላይ ጨርቅ እናስራለን፣ ማታ ወተት ይገዛልናል፣ «ደረት ያጥባል» ይባል ነበር። ወተት ሆድ ነው የሚገባው፣ ማን ይንገረን። ጋሼ 50 ዓመት ሳይሞላው ሁለት ደረጃ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ይቆም ነበር። እየሳቀ። እኔ ከኋላው ቲነሩን ይዤ እጠብቀዋለሁ።

መስኮቱን ክፈት አልኩህ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። 11 ዓመትህ ላይ ሶፋው ስር የነበረችውን ፌስታል ታስታውሳለህ? ኤርፖርት ታክሲ ስነዳ አድሬ ነግቶብኝ ገባሁ፣ ቤቱ ተዝረክርኳል፣ አንስቼ ጣልኳት። ውስጡ ገና ከፍሬሙ ያልተቆረጡ እግሮች ነበሩ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብለህ አንድ እግር ያለውን ሮቦት መጽሐፍ አስደግፈህ አቆምከው። ሁለት ዓመት እዚያው ቆመ፣ እኔም በየቀኑ በጎኑ አለፍኩ። ያኔ ቁጭ ብዬ ቀለም አያያዝ ላሳይህ እችል ነበር። ቀለም ቀቢ እንደነበርኩ እንኳን አልነገርኩህም። ለአሜሪካ ልጅ ባትላሜራ ምን ብዬ ላስረዳው አልኩ። ውሸቴን ነው፣ አፍሬ ነው።

በል እንግዲህ ስማኝ። የወረቀቱ ማስክ፣ ያ የኮሮናው፣ አቧራ ይይዛል እንጂ የቲነር ሽታ አይዝም። በሁለት ጎኑ ማጣሪያ ያለው ገዝቼልሃለሁ። እሱን ማድረግህ መስኮት አያስዘጋህም። ማሞቂያው በርቶ ስፕሬይ እንዳትነካ፣ ጋዙ እሳት ይይዛል። ቆርቆሮው ከቀዘቀዘ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁመው፣ ማሞቂያ ላይ እንዳታስቀምጠው ይፈነዳል። በብሩሽ ለምትሠራው በውሃ የሚቀጥነውን ቀለም ግዛ። ቲነር የጉልበቱና የክርኑ መገጣጠሚያ ላይ አታብዛ፣ አንዳንዴ እዚያ ያለው ፕላስቲክ ኤቢኤስ የሚሉት ነው፣ ይሰነጠቃል። መደርደሪያውን ደግሞ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ አንሳው፣ ነጩ ቢጫ ይሆንብሃል።

የቤት ኪራዩንስ ከፈልክ? ቀለም በልቶት እንዳይሆን። የጎደለ ካለ ለእኔ ንገረኝ፣ ለእናትህ አትንገር።

ለፋሲካ ስትመጣ አንድ ያልተቀባ ይዘህ ና። ጋራዡን አጽድቼዋለሁ። በሩ ክፍት ነው የሚሆነው፣ አቧራ ካረፈም እንፈገፍገዋለን።

ጥቅሉ ማክሰኞ ይደርሳል። ማስኩን በሁለት ፌስታል አስሬው ነበር፣ እናትህ ግን ከጎኑ በርበሬ ጨምራበታለች። ሳታሸተው ፊትህ ላይ እንዳታደርገው።

አባትህ