ጎብሊን ዘንድ ሽማግሌ ልኬ ሞትኩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ዕትማችሁ አንዲት እናት ስለ ልጃቸው የጻፉትን አነበብኩ። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቹ ቤት እየሄደ “ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ” ይጫወት ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላው ተጣልቶ ወጣ። እናትየውም “ድሮም መገዳደል የሚያስተምር ጨዋታ ነው፣ እንኳን ተወው” ብለዋል። እኔ ይህን ጨዋታ ከልጄ ጋር ዓመት ከመንፈቅ ተጫውቼዋለሁ። ሞቼበታለሁም። ስለዚህ ትንሽ የምለው አለኝ።

ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ መሪ ነው፤ ልጆቹ ዲኤም ይሉታል። “ዋሻ አፍ ላይ ቆማችኋል፤ ከውስጥ ጭስ ይሸታል። ምን ታደርጋላችሁ?” ይላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ይመልሱለታል። ነገሩ መሳካት አለመሳካቱን ከ1 እስከ 20 ቁጥር የተጻፈበት ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይወስናል፤ ትልቅ ቁጥር ሲመጣ ይሳካል። ተረት ማለት ነው። እዚህ ግን አድማጩ “የላም በረት” ብሎ ዝም አይልም። ከፈለገ ገብቶ ጅቡንና አህያዋን ያስታርቃል።

እኔ ደግሞ የምቀመጠው ለማስታረቅ ነው። ጠቡም ከዚሁ መጣ።

የምኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። ሌሊት ሌሊት የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ቅዳሜ እረፍቴ ስለሆነ የልጄ ጓደኞች ቤታችን ምድር ቤት ሲሰበሰቡ ቡና ይዤ እወርዳለሁ። አንድ ቀን ሰው ጎደለና “አባዬ፣ አንተ ግባ” አለኝ። ጋሽ ድንቁ የሚባል ሽማግሌ ድንክ ሆንኩ። ልጆቹ ስሙን መጥራት አቅቷቸው “ጋሽዲ” አሉት። ምን ይዘሃል ሲሉኝ ገመድ፣ ፋኖስ፣ የአሥር ቀን ስንቅና ለስጦታ የሚሆን ጨው አልኩ። ሳቁብኝ። ጨው ይዞ ዋሻ የገባ አይተው አያውቁም።

በአራተኛው ሳምንት ጎብሊኖች፣ ትንንሽ ክፉ የተረት ፍጡሮች ናቸው፣ ድልድይ ዘግተው አገኘናቸው። አሥራ ሁለት ናቸው። እኔ ፋኖሴን መሬት አስቀምጬ፣ ጨዬን ይዤ ወጣሁ። አለቃቸውን ጥሩልኝ አልኩ። ስለ መሻገሪያ ዋጋ መነጋገር ጀመርን። መሪ የነበረው ልጄ የጎብሊኑን አለቃ ድምፅ አጎርንኖ ሲናገር ደስ ይል ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ተከራከርን። በዚህ መሐል ከጎኔ ያለው ልጅ ዳይሱን በጣቱ ያሽከረክራል፣ ስልኩን ያያል፣ በረዥሙ ይተነፍሳል። ከዚያ ድንገት “አጠቃለሁ!” ብሎ ወረወረ። 18 መጣለት። የአለቃው አንገት ወደቀ።

ቀሪዎቹ አሥራ አንዱ የተረባረቡት አጠገባቸው የቆመው ላይ ነው። ጨው የያዘው ላይ።

በዚህ ሕግ ጉልበትህ ዜሮ ሲገባ ወዲያው አትሞትም፤ በየተራህ ዳይስ ትጥላለህ። 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ለመዳን፣ ከ10 በታች ከሆነ አንድ ለመሞት ይቆጠራል። ቀድሞ ሦስት የሞላው ይወስንልሃል። መጀመሪያ 13 ጣልኩ። ቀጥሎ 7። ሦስተኛው ከጠረጴዛው ተንከባሎ ሶፋ ሥር ገባ። ልጄ በሆዱ ተኝቶ በስልኩ መብራት ፈለገው። ሲነሳ ፊቱ ተለዋውጧል። 1 ነው። 1 እንደ ሁለት ውድቀት ይቆጠራል። ከጓደኞቹ ጋር በእንግሊዝኛ ሲያወራ የቆየው ልጅ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ “አባዬ፣ ሞተሃል” አለኝ።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። እኔ ግን ተቆጣሁ። ሲኒዬን ሰብስቤ ወጣሁ። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነኝ።

ነገሩን ሥራ ቦታ ለአንድ ፈረንጅ ባልደረባዬ አጫወትኩት። ጡረታው የደረሰ ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ይጫወት ነበር ለካ። በፈረንጆቹ 1981 የታተመ የጨዋታውን የሕግ መጽሐፍ አመጣልኝ። በዚያ መጽሐፍ አንድ ጎብሊን ብትገድል የምታገኘው 5 ነጥብ ነው። ከዋሻ ይዘህ የወጣኸው እያንዳንዱ የወርቅ ሳንቲም ደግሞ አንድ ነጥብ ነው። ተዋጊ አንድ ደረጃ ለማደግ 2000 ነጥብ ያስፈልገዋል። በመግደል ብቻ ልደግ ካለ 400 ጎብሊን ሊፈጅ ነው። እሱ ራሱ ግን ሁለት ቦታ ከተወጋ ያበቃለታል። ስለዚህ ይደበቃል፣ ያባብላል፣ ጉቦ ይሰጣል። ከፍጡር ጋር ፊት ለፊት ሲገናኙ እንኳ መሪው ስድስት ፊት ያላቸው ሁለት ዳይስ ጥሎ ስሜቱን የሚያይበት ሰንጠረዥ አለ። 12 ከመጣ ወዳጅ ይሆናል። ሽማግሌ መላክ ሕጉ ውስጥ ነበር ማለት ነው!

ልጄ የሚጫወትበት ሕግ በፈረንጆቹ 2014 የወጣው ነው። እዚያ አንድ ጎብሊን 50 ነጥብ ያወጣል፤ ለመጀመሪያው ዕድገት 300 ይበቃል። ስድስት ጎብሊን ብቻ። ያ ልጅ ዳይሱን የወረወረው ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ ነጥቡ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። እናትየው በዚህ በዚህ ልክ ናቸው ልበል።

ባልደረባዬ እሱ ወደሚጫወትበት ቤት ጋበዘኝ። ልጄን ይዤው ሄድኩ። ስድስት ሽበታሞች አንድ ኮሪደር ለማለፍ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀባቸው። ወለሉን በረዥም ዘንግ ይነካካሉ፣ ውኃ አፍስሰው ወዴት እንደሚፈስ ያያሉ። እኔ ገነት የገባሁ መሰለኝ። ልጄ አዛጋ። መኪና ውስጥ “አባዬ፣ እነዚህ እኮ ማንም አይደሉም። ስም እንጂ ታሪክ የላቸውም” አለኝ። ለካ እሱ የሚፈልገው ሦስተኛ ነገር ነው። ገጸ ባሕርዩ ለምን ከቤቱ እንደወጣ፣ ማንን እንደሚፈራ። ውጊያም ዘንግም አያጓጓውም። እስከዚያ ቀን አላወቅኩም ነበር።

ይህ ልዩነት ዛሬ የመጣ አይደለም። ጨዋታው በፈረንጆቹ 1974 ሲታተም ሁለት አባቶች ነበሩት። ጋሪ ጋይጋክስ ሌክ ጄኔቫ፣ ዊስኮንሲን፤ ዴቭ አርነሰን ደግሞ እዚሁ እኛ ከተማ፣ ወላጆቹ ቤት ምድር ቤት። ሁለቱም የጦርነት ጨዋታ ተጫዋቾች ነበሩ። የመጀመሪያው ኅትመት 1000 ቅጂ ነው። መጽሐፉ ብዙ ክፍተት ስለነበረው የገዛው ሁሉ በራሱ መንገድ ሞላው። ታዲያ ሃምሳ ዓመት ሙሉ “ትክክለኛው የቱ ነው?” እየተባለ ይጨቃጨቁበታል።

ለእናትየው የምለው ይህ ነው። ልጅዎ ምናልባት የተጣላው ከጨዋታው ጋር ሳይሆን ከጠረጴዛው ጋር ነው። ምን ሊጫወት እንደሄደ ይጠይቁት። እኛ ቤት ልጆቹ “ሴሽን ዜሮ” የሚሉትን አደረግን፤ ዳይስ ሳይነካ ተቀምጦ መነጋገር ነው። እያንዳንዳችን ብጣሽ ወረቀት ላይ የምንወደውን ጻፍን። ያ ልጅ “ድራጎን መግደል” ብሎ ጻፈ፣ ባለ ሦስት ቃለ አጋኖ። እኔ “ድርድር”። ልጄ ግማሽ ገጽ ሞላ። አንደኛዋ ልጅ “መክሰስ” ብላ ብቻ አስቀመጠች። እሷን የሚያስቸግር የለም።

አሁን ድርድር ስጀምር ልጄ የስልኩን ሰዓት አሥር ደቂቃ ላይ ይሞላል። ሲጮህ ያ ልጅ ሰይፉን ይመዛል። አሥር ደቂቃ ለሽምግልና አይበቃም፤ ነግሬያቸዋለሁ። አዲሷ ገጸ ባሕርዬ የጋሽ ድንቁ እህት ናት። ጨው ይዛለች፤ ጋሻም ጨምራለች።

አንድ አባት
ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ